እንቁላል የሸተተው የብር ዶላር

ጡረታ መውጣት እንዳለብኝ የገባኝ፣ ከሱቃችን ወለል ላይ አንድ የጃኬት አዝራር አንስቼ፣ በአጉሊ መነጽር ግራ ቀኝ ካገላበጥሁት በኋላ ለጣለው ደንበኛ «ይዞታው ጥሩ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተፍቋል» ያልኩት ቀን ነው። ሰውየው አዝራሩን ተቀበለኝና «አመሰግናለሁ፣ ሚስቴ ትሰፋዋለች» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ የዓይን ሐኪሟ ያለችኝን፣ አዝራሩ ቀድሞ ነግሮኛል።

እንግዲህ የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም በሚገዛበትና በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ስምንቱንም ዓመት ፈርቻለሁ። ሌባ ፈርቻለሁ፣ የበሩን ደወል ፈርቻለሁ፣ የገዛ ጣቴን ፈርቻለሁ። ልጆቼ ለጓደኞቻቸው «አባባ ትሬዠር ሀንተር ነበር» እያሉ ሲያወሩ ዝም እላለሁ። ሀብት አዳኝ እኮ የሚያሳድደው ነገር አለው፤ እኔ ግን የምሳደድ ነበርኩ። ያሳደደኝም አንድ ዶላር ነው።

ወደ ሥራው የገባሁት በጆሮዬ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ሚኒያፖሊስ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ራምፕ፣ ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ሥራው መስኮት ከፍቶ ትኬት መቀበል፣ መልስ ሰጥቶ መስኮት መዝጋት ነው፤ በጃንዋሪ ብርድ ግን መስኮት መክፈት ብቻውን አንድ ሙያ ነው። ፊት ለፊቴ ባለው መውጫ ቶሌራ የሚባል የጅማ ሰው ይሠራ ነበር። አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ «ጋሼ» ሲለኝ እንደ ልጅ ነው፣ ሲተርበኝ ግን እንደ እኩያ።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት የወረወረችልኝ ሩብ ዶላር የቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ ሲያርፍ ጮኸ። ሌላው ሳንቲም «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፤ ይሄኛው ዘፈነ። የያዝኩትን ትኬት ጣልኩ። አባቴ ብር አንጥረኛ ነበር። ሰዎች ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ ብር ያመጡለትና አቅልጦ መስቀልና ጉትቻ ይሠራላቸዋል፤ ከማቅለጡ በፊት ታዲያ እያንዳንዱን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ያዳምጠዋል። ያንን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ስሰማው፣ ያመመኝ መስሎኝ ግንባሬን ነካሁ።

የአሜሪካ ሩብ ዶላር ከ1965 በፊት ዘጠና በመቶ ብር እንደነበረ ያን ጊዜ አላውቅም። ጠርዙን ሳይ ግን ልዩነቱ ታየኝ፤ የአሁኑ ሳንቲም ጠርዙ ላይ ቡናማ የመዳብ መስመር አለው፣ ይሄኛው ዙሪያውን ነጭ ነው። ከኪሴ ሌላ ሩብ ዶላር መሳቢያው ውስጥ ተካሁና እሱን ወሰድኩ። ደግሜ ጣል አደረግሁት።

«ጋሼ፣ ሳንቲም ማዳመጥ ጀመርክ?» አለኝ ቶሌራ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ሐኪም ቤት ልውሰድህ?»

«ዝም በል፣ እየዘፈነ ነው።»

«ምን እያለ?»

«ከዚህ ሣጥን ውጣ እያለ።»

ወሩ ሳያልቅ፣ ያጠራቀምኳቸውን አሥራ አንድ የብር ሳንቲሞች ይዤ ሴንት ፖል ውስጥ፣ በላውንደሪና በቀብር አስፈጻሚ ቤት መሀል ወደተሸጎጠ አንድ የሳንቲም ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ አርኒ ይባላል፤ ዘሩ ከኖርዌይ የሆነ፣ ረጅም፣ በሁለቱም ጆሮው መስሚያ የሰካ ሽማግሌ። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። በእኛ ወግ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ እንግሊዝኛው ግን አንቱ ስለሌለው በዚያው አንተ ብዬው ቀረሁ። እሱም «መኮንን» ማለት ቢያቅተው «ማክ» ብሎኝ ቀረ፤ ተቻቻልን።

ሳንቲሞቹን እንዴት እንዳገኘኋቸው ነገርኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከኋላዬ የራሱን ሳንቲሞች እንጨት ላይ አንድ በአንድ ይጥል ጀመር።

«ብር» አልኩ። «ብር። አይደለም። ብር። ይሄኛው ደግሞ... ታሟል።»

የታመመው እርሳስ የተቀላቀለበት አስመስሎ የተሠራ ዶላር ነበር። አርኒ ፊቱን አንዴ በእጁ ጠረገና «ዓይን አለኝ፣ ጆሮዬ ግን ሄዷል። ሰኞ ና» አለኝ። ደመወዙ ከፓርኪንጉ በትንሹ ይበልጥ ነበር፤ ማሞቂያው ግን በብዙ።

አርኒ ሥራውን ያስተማረኝ በማውራት አይደለም። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ጥፍሩን ይቆርጣል። እጁን ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ከፋይ ጨርቅ ያነጥፋል። ሳንቲሙን ከላስቲክ ልባሱ ሲያወጣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጠርዙን ብቻ ይይዛል፤ ፊቱን የነካ ጣት ከሃያ ዓመት በኋላም አሻራው ይታያል። ከዚያ አፉን ይዘጋል። ስንናገር የማትታይ ምራቅ ትረጫለች፤ ብሩ ላይ ካረፈች ነጥብ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ሳንቲሙ ከልባሱ ከወጣ ጀምሮ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ አርኒ አይናገርም። ስልክ ቢጮህ አያነሳም። ደንበኛ ቢጠይቀው በቅንድቡ ይመልሳል። ለእኔ ዓይነቱ ለፍላፊ ይሄ እስር ቤት ነበር፤ እናቴ በዱላ ያቃታትን አርኒ በስድሳ ዓመቴ ያለ ዱላ አደረገው።

ፍርሃቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በሩ የሚከፈተው ከጠረጴዛው ሥር ባለ በጣት በሚጫን አዝራር ነው፤ መጀመሪያ በመስታወቱ የሰውየውን እጅ ታያለህ፣ ቀጥሎ ፊቱን። ወደ ቤትህ ስትሄድ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አትሄድም። የት እንደምትሠራ ለማንም አትናገርም። እኔም በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝ «ሰዓት ጥገና» አልኩ። በሁለተኛው ወር አምስት የተበላሸ ሰዓት መጣልኝ። አምስቱንም ለእውነተኛ ሰዓት ሠሪ ወስጄ፣ ከኪሴ ከፍዬ፣ በግማሽ ዋጋ መለስኩላቸው። በሚኒሶታ አበሻ ዘንድ እንደ እኔ ያለ ርካሽ ሰዓት ሠሪ አልነበረም።

ዓመት ሲሞላኝ አርኒ የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። ቁልፉ ያለው እሱና እኔ ዘንድ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋው። ቤቴ ካለበት ሆፕኪንስ እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ኪሴን ስዳስስ ሄድኩ።

ቁልፉን ከያዝኩ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሁዳዴ ጾም ላይ፣ ሚስስ ሎይስ የሚባሉ እናት የሟች ባላቸውን የብር ዶላሮች በእንጨት ሣጥን ይዘው መጡ። ለእሳቸውማ እንግሊዝኛውም ቢሆን አንቺነት አልመጣልኝም። ሣጥኑ ውስጥ ሠላሳ ክብ ጎድጓዳ አለ፣ በእያንዳንዱ አንድ ዶላር። «ሃሮልድ አርባ ዓመት አንድም ቀን አላስነካኝም» አሉና ሣጥኑን ለእኔ ሰጡኝ፤ ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ወደ ልጃቸው ቤት ሊዛወሩ ነው፤ አርኒ እንዲገምትላቸው ፈልገዋል። እሱም ረቡዕ አይቶ ሐሙስ ሊነግራቸው ተቀጣጠሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አርኒ እንደ ልማዱ የሐይቅ በረዶ በስቶ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ብቻዬን ነበርኩ። ሣጥኑን ከፈትኩት። አንዱ ዶላር ከሁሉም የጠቆረ ነበር፤ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ፣ ወደ ውስጥ ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ የተቀረጸችው ሴት ጉንጭ ደግሞ ጥላሸት። ጀርባው ላይ ካርሰን ሲቲ የምትባለው፣ ድሮ የተዘጋችው የሳንቲም ማምረቻ ሁለት ፊደል አለበት። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። አባቴ ቤት የደንበኛን ብር አጥቁሮ መመለስ፣ የሰው ልጅ አዝለው ውለው ፊቱን ሳያጥቡ እንደመመለስ ነውር ነበር። አርኒ ፊቱን አትንካ፣ አትናገርበት፣ አትጣለው ብሎ አስተምሮኛል። አትጠበው ግን ብሎኝ አያውቅም። ለምን ይለኛል? ለነርስ «በሽተኛውን እንዳታንቂው» የሚል ሐኪም አለ?

ከጾም ምሳዬ የተረፈ ግማሽ ሎሚ ነበረኝ። አርኒ ለሽታ ብሎ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚያስቀምጠው ቤኪንግ ሶዳም ነበር። በአውራ ጣቴ እንደ አባቴ ክብ ክብ አድርጌ አሸሁት። ጥቁር ውሃ ወረደ። ዶላሩ እንደ ጨረቃ ወጣ! ዘፈንኩ። የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ ሰኞ አጥባለሁ ብዬ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ዘግቼ ሄድኩ። አውቶቡሱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰውዬ የሚያብረቀርቅ ዶላር ይዞ መጣ። አርኒ አፉን ዘግቶ አየው፣ ልባሱ ውስጥ መለሰው፣ ከዚያ «ማነው ያጠበው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው ኮራ ብሎ። «በጥርስ ሳሙና።»

«ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም» አለ አርኒ ቀስ ብሎ። «ቆዳው ነው። መቶ ዓመት የፈጀ ቆዳ። ተመልሶ አይበቅልም። አሁን የምከፍልህ የብሩን ክብደት ብቻ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ማክ፣ እየው፣ የታጠበ ይሄን ይመስላል።»

አየሁት። ምን እንደሚመስልማ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሣጥኑ ያለበት ከጀርባዬ ያለው ካዝና ትከሻዬን የሚተነፍስብኝ መሰለኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ አርኒ ጾሙ ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ቸርነቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ያኔውኑ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ታንክ ዩ» ብቻ ነው። ሥራዬ ታየኝ፣ ቁልፉ ታየኝ፣ ነገ ሌላ አበሻ ያንን በር ሲያንኳኳ አርኒ በመስታወቱ እጁን አይቶ ሳይከፍት ሲቀር ታየኝ።

ማክሰኞ ሱቁ ይዘጋል። አንድ ቀን አለኝ ማለት ነው። ሰኞ ሥራ ስንጨርስ፣ አርኒ ካፖርቱን ሲፈልግ፣ ዶላሩን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወደ ሆፕኪንስ ሁለት አውቶቡስ ነው። በሁለተኛው ላይ ፖሊስ ገባና፣ ያ ሁሉ ወንበር ባዶ እያለ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። እግሬን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ዶላሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ዛሬ ክፉኛ ይበርዳል» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩት።

እስኪወርድ ድረስ በጎን ሲያየኝ ነበር። እኔ ስወርድ እያነከስኩ ነው።

አባቴ ብር ያደረገን ሰው እንቁላል አያስልጥም ነበር፤ ቀለበቱን ያጠቁርበታል። ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴ አስካለ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እንደወጣች አንድ ደርዘን እንቁላል ገዛሁ። ቀቅዬ፣ አስኳሉን አድቅቄ፣ ከዶላሩ ጋር በላስቲክ ከረጢት ዘጋሁት። አምስት አምስት ደቂቃ እየከፈትኩ አየሁ። ጥቁረቱ መጣ፣ ግን እንደ ድሮው አልመጣም። አንድ ጉንጯ ላይ ቢጫ፣ አንገቷ ላይ ቡናማ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ሴትዮዋ ኩፍኝ የያዛት መሰለች። ለማስተካከል ሌላ እንቁላል ጨመርኩ። ባሰ።

አስካለ ከሥራ ተመልሳ በሩን ከፈተችና ቆመች።

«አንተ ሰውዬ! በሁዳዴ?»

«አልበላሁም።»

«አሥራ ሁለት ቅርፊት! ጎረቤት ጠርተህ ነው?»

«አልበላሁም አልኩሽ እኮ አስካልዬ። ለሥራ ነው።»

«ሰዓቱን በእንቁላል ነው የምትጠግነው?»

ነገርኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከሱቅ ስታወጣው ምን እንደሚባል ታውቃለህ አይደል?» አለች።

«ልመልሰው እኮ ነው።»

«በካልሲህ አውጥተህ?»

«አሁን ካልሲዬ ውስጥ አይደለም።»

«የት ነው?»

«እንቁላሉ ውስጥ።»

ልትስቅ ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ አየኋት። አልሳቀችም። «ነገ ሳይጠይቅህ ንገረው» አለች። «ከጠየቀህ በኋላ የምትናገረው ወሬ ሌላ ነው።»

ረቡዕ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ፤ ቀድሜው ልገባ። በሩን ስከፍት መብራቱ በርቷል። አርኒ ቀድሞኛል። የሚስስ ሎይስ ሣጥን ፊቱ ተከፍቷል፤ ሃያ ዘጠኝ ዶላርና አንድ ባዶ ጎድጓዳ። አንድ እጁ ስልኩ ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ከንፈሩን ሲከፍት፣

«አትጠይቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ፈታሁ። ካልሲዬን ጎትቼ ዶላሩን አወጣሁለት። ሎሚውንም፣ ሶዳውንም፣ አውቶቡሱንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እንቁላሉን ብቻ ዘለልኩ።

አርኒ ከፋይ ጨርቁን አነጠፈ። ዶላሩን በጠርዙ ያዘ። አፉን ዘጋ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ፈርቼ አላውቅም። ሳንቲሙ ክፍት ስለሆነ ነው ዝም ያለው ወይስ እኔን ለማናገር ተጠይፎ? ከፊቱ ማወቅ አይቻልም፤ አርኒ ሲቆጣም ሲሠራም ፊቱ አንድ ነው። ገለበጠው። መብራቱን አስጠጋ። ወደ አፍንጫው አመጣው። ቅንድቡ ተነሳ። እንደገና አሸተተው። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ላስቲክ ልባስ ውስጥ ከተተው።

«እንቁላል?» አለ።

«አሥራ ሁለት» አልኩ።

«ፖሊስ ልጠራ ነበር» አለኝ። «ይሄ ዶላር የእኔ አይደለም፤ ስለዚህ ለእኔ መናገርህ አይበቃም። ነገ ለእሳቸው ራስህ ትነግራቸዋለህ።» ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። የፈራሁት እሱን ነበር። ቁልፉን አወጣሁና ሰጠሁት።

ሐሙስ ሚስስ ሎይስ መጡ። ቆሜ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀምሬ እስከ ካልሲዬ ነገርኳቸው። እንቁላሉ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ ከልባቸው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላለቀም። «ሃሮልድ ይሄን የገዛው በተጋባን ዓመት ነው» አሉ። ሌሎቹን እንድንሸጥላቸው ትተው፣ ያንን ነጠብጣባም ዶላር ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። «ግድ የለም» እንዲሉኝ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። አላሉኝም።

የዶላሩን ጉድለት አርኒ ከኪሱ ሞላላቸው። ከደመወዜ ቁረጥ ብዬ ብለምነው «ደመወዝህ አይበቃም» አለኝ።

ሳያባርረኝ ቀረ፤ ግን ቁልፍ የለኝም። አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አርኒ እስኪመጣ በር ላይ ቆምኩ። የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ መንገዱን በረዶ ሲጠርግ «ጉድ ሞርኒንግ» እያለ ቁመቴን በዓይኑ ይለካ ነበር። ብርዱን አልፈራሁትም። የፈራሁት አርኒ መጥቶ በሩን ሲከፍት፣ አንድም ቀን በክፉ ዓይን አይቶኝ አለማወቁን ነበር።

በተከታዩ ሁዳዴ ላይ ቶሌራ ደወለልኝ። «ጋሼ! አራት ግማሽ ዶላር፣ ጠርዛቸው ሙሉ ነጭ! ሰውየው ለፓርኪንግ ከፍሎኝ ሄደ፤ የራሴን ተክቼ ወሰድኳቸው። እንደ ከሰል ጠቁረዋል ግን። በኮምጣጤ አጥቤ ላምጣልህ...»

«እንዳትነካቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ቶሌራ፣ በእናትህ! ውሃም፣ ኮምጣጤም፣ ጣትህም እንዳይነካቸው! እጅህን አንሳ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ቦምብ ነው እንዴ?»

ቀና ስል አርኒ ከጓዳው በር ላይ ቆሟል። መስሚያዎቹን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ያለ እነሱ መድፍ አይሰማም። እኔን ግን ሰምቶኛል።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ሰው ሳንቲም ሊያጥብ ነበር» አልኩት።

ክፍት ሳንቲም ፊቱ እንዳለ አፉን ዘግቶ ቆየና ወደ ጓዳው ተመለሰ።

በማግስቱ ስመጣ መብራቱ በርቷል። አርኒ በመስታወቱ ያየኛል፤ አይከፍትልኝም። በቃ፣ ዛሬ ነው አልኩ። በሩን አንኳኳሁ። ጎንበስ ሲል አየሁት፤ የደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ ተከፈተና ቁልፉ ጫማዬ አጠገብ በረዶው ላይ ወደቀ። አርኒ እጁን አጣምሮ፣ ራሴ እስክከፍት ድረስ ጠበቀኝ። ብርዱ ነው መሰለኝ፣ ቁልፉ ሦስቴ ከእጄ አመለጠኝ።

ያንን ቁልፍ የመለስኩት ከአዝራሩ በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እሱ ድሮ እንዳደረገው ወደ እሱ ገፋሁት። አርኒ ተቀብሎ መሳቢያውን ከፈተና አንዲት ትንሽ የወረቀት ፖስታ ሰጠኝ። ሚስስ ሎይስ በክረምቱ አርፈዋል፤ ፖስታውን ልጃቸው ናት ያመጣችው። ላዩ ላይ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሑፍ «ለእንቁላሉ ሰውዬ» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

ልከፍተው ፈርቼ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ስከፍተው ያው ዶላር ነው፤ ዓይኔ ነጠብጣቡን እንኳ መለየት አቃተው። ስለዚህ አባቴ እንደሚያደርገው አደረግሁ፤ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርጌ ጣል አደረግሁት። ዘፈነ። ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልሆነ። ቆዳውን ገፍፌዋለሁ፣ ድምፁ ጋ ግን አልደረስኩም ነበር።

አስካለ ከኩሽና መጥታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለች። ዶላሩን በጠርዙ ይዛ አሸተተችው። «ሽታው ለቋል» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ሳቋን አፍና፣ «እኔ የምልህ፣ ቤት ውስጥ ሎሚ አለ። ላምጣልህ?»

ዶላሩን ከእጇ ነጥቄ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።